«ካፒቴን፣ 8 ሺህ ነው ያሉት»

ውድ ተመራቂ አብራሪዎች፤

እኔ 65 ዓመት ሲሞላኝ የካፒቴንነት ወንበሬን አስረክቤያለሁ። ለዓለም አቀፍ የንግድ በረራ የተቀመጠው የዕድሜ ጣሪያ ይኸው ነው፤ እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ድረስ 60 ነበር። ከ60 በላይ የሆነ አብራሪ በየ6 ወሩ ሐኪም ፊት ይቀርባል። ተገቢ ነው። ዓይን በጨለማ ይደክማል፤ ሌሊቱን ያደረ ሰውነትም እንደ ወጣትነቱ ቶሎ አያገግምም። እኔን ግን ይበልጥ ያስፈራኝ የነበረው ሽበቴ ነው። አጠገቤ የተቀመጠውን ወጣት ረዳት አብራሪ ዝም እንዳያሰኝብኝ እሰጋ ነበር። ስጋቴ ያለ ምክንያት አልነበረም።

እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 ጭጋግ በሸፈነው የቴኔሪፍ አውሮፕላን ማረፊያ ማኮብኮቢያ ላይ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች አለቁ። ከሁለቱ የአንዱ፣ የኬኤልኤም አየር መንገድ አውሮፕላን ካፒቴን የ50 ዓመት ሰው፣ የድርጅቱ ዋና የ747 አሰልጣኝ ነበሩ። ረዳታቸውን በዚያ አውሮፕላን ፈትነው ያሳለፉትም እሳቸው ናቸው። ለመነሳት የሞተሩን ኃይል መጨመር ሲጀምሩ ረዳቱ ገና ፈቃድ እንዳልተሰጣቸው አስታወሳቸው። ቆሙ፤ «ጠይቅ» አሉት። እሱ ከመቆጣጠሪያ ማማው ጋር እየተነጋገረ ሳለ ግን ካፒቴኑ ዳግመኛ ተንቀሳቀሱ። የመነሻ ፈቃድ አሁንም አልነበረም። በዚህኛው ጊዜ ረዳቱ አላስቆማቸውም። የፈተነህን ሰው ወዲያው ወዲያው ሁለቴ ማረም ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። የበረራ መሐንዲሱ ያኛው አውሮፕላን ከማኮብኮቢያው አልወጣ ይሆን ብሎ ጠየቀ። ካፒቴኑ ወጥቷል ብለው በሙሉ ልብ መለሱ፤ ጥያቄውም በዚያው ቀረ።

እኛ ደግሞ ትልቅ ሲናገር አይቋረጥም እየተባልን ነው ያደግነው። አንቱ ያልነውን ሰው «ተሳስተዋል» ለማለት አንደፍርም። ይህ ጨዋነት ከቤታችን እንዲጠፋ አልፈልግም። ኮክፒት ውስጥ ግን ሰው ይፈጃል።

ሌላም ካፒቴን ልጥራላችሁ፤ አል ሄይንስ። በ1989 እ.ኤ.አ. የ57 ዓመት ሰው ነበሩ፤ ያኔ በአሜሪካ የአብራሪዎች የዕድሜ ጣሪያ 60 ነበር። የዲሲ-10 አውሮፕላናቸው የጅራት ሞተር ፈንድቶ ሦስቱንም የሃይድሮሊክ መስመሮች ከጥቅም ውጭ ሲያደርግ መሪው አልታዘዝ አለ። ከመንገደኞቹ መካከል አንድ የዲሲ-10 አሰልጣኝ ነበር፤ ሊረዳ ሲመጣ ሄይንስ አስገቡት። አራት ሆነው በቀሩት ሁለት ሞተሮች ኃይል ብቻ እየገፉ ሱ ሲቲ ከተማ አደረሱት። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ቢከሰከስም ከ296ቱ 184 ሰዎች ተረፉ። ሄይንስ ምስጋናውን ለራሳቸው አላስቀሩም፤ የሠራተኞቹን ሁሉ ሐሳብ እንዲሰሙ ያስተማራቸውን ሥልጠና አመሰገኑ።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ከረጅም በረራ በኋላ እየወረድን ነው፤ ሰውነት ሰውን የሚከዳበት ሰዓት። ተቆጣጣሪው የሰጠንን ከፍታ 6 ሺህ ጫማ ብዬ ሰማሁ። አጠገቤ ያለው ልጅ ሥራ ከጀመረ ገና ሦስተኛ ወሩ ነበር።

«ካፒቴን፣ 8 ሺህ ነው ያሉት» አለኝ፤ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ።

«6 ነው» አልኩት። ዝም ይላል ብዬ ነበር።

«እንጠይቃቸው» አለና መልሴን ሳይጠብቅ ሬዲዮውን ተጫነ። 8 ሺህ ነበር። ከበታቻችን ደግሞ ተራራ ነበር።

ካረፍን በኋላ ይቅርታ ሊጠይቀኝ መጣ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኸ ነው፤ ያን ሁሉ ሰው አትርፎ ጥፋተኛ የሆነ መስሎት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞተር ሳላስነሳ ለረዳቴ መጀመሪያ የምለው «ዛሬ እሳሳት ይሆናል፤ ጠብቀኝ» ነበር። እንዲህ የማይላችሁ ካፒቴን ቢገጥማችሁም፣ ልጆቼ፣ እንዳላችሁ ቁጠሩት።