የዲፈረንሻል ሽፋን ስንመርጥ፦ ዘይቱ ወዴት ይሄዳል?



የዛሬው ርዕሰ ጉዳዬ በፎር ዊል ድራይቭ ፒክአፕ የኋላ አክስል ላይ በ10 ወይም በ14 ብሎን የሚታሰረው የዲፈረንሻል ሽፋን ነው። የፋብሪካውን ሽፋን በሌላ ስለመተካት ሲነሣ ብዙዎቻችሁ አስቀድማችሁ የምትጠይቁት ስለ ጥንካሬው ነው። እኔ ግን ከዘይቱ ጉዞ መጀመርን እመርጣለሁ።

መኪናው ወደ ፊት ሲሄድ ኮሮናው ከታች ዘይት እየቀዳ ወደ ኋላ ይወረውራል። የፋብሪካው ሽፋን ጎባጣ የሆነው ለውበት አይደለም፤ ዘይቱ ያንን ጉብጠት ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ በኮሮናው አናት ተሻግሮም የፒኞኑን ኩሽኔታዎች ያጠጣል። በገበያ ላይ ካሉት ወፋፍራም ሽፋኖች ብዙዎቹ ግን ጀርባቸው ጠፍጣፋ ነው። ዘይቱ ከግድግዳው ተላትሞ ይመለሳል፣ ከአየር ጋር ይደባለቃል፣ አረፋም ይሆናል። አረፋ የሆነ ዘይት ጥርስን ከጥርስ የሚለየውን ስስ ንብርብር በአግባቡ አይሠራም። አሜሪካዊው ጌል ባንክስ ይህንኑ በሙከራ አሳይቷል፤ ድርጅቱ ራሱ ሽፋን ሻጭ መሆኑን ግን አንዘንጋ።

ሁለተኛው ነገር ሙቀት ነው። «አሉሚኒየም ሙቀትን ከብረት አብልጦ ያስተላልፋል» ይባላል፤ እውነት ነው። ይሁንና እናስላው። የብረቱን አስተላላፊነት 50 ዋት በሜትር ኬልቪን ብንወስድ፣ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ግድግዳ የሚፈጥረው ተቃውሞ 0.00006 ነው። በውጭ በኩል ያለው አየር፣ የኮንቬክሽን መለኪያውን 50 ዋት በካሬ ሜትር ኬልቪን ብንገምት፣ 0.02 ይሆናል። ይህም ከ300 እጥፍ በላይ ነው! ማነቆው አየሩ እንጂ ብረቱ አይደለም። የሚጠቅሙት የገጹን ስፋት የሚጨምሩት ክንፎች ናቸው፤ እነርሱም ቢሆኑ ጭቃ እስካልሞላባቸው ድረስ ነው።

ተጨማሪ ዘይት የሚይዝ ሽፋን ሙቀቱ የሚጨምርበትን ፍጥነት ያዘገያል፤ በረጅም ጉዞ ላይ ግን የመጨረሻውን ሙቀት ብዙም አይለውጠውም።

ጥንካሬውን አላቃልልም። በድንጋያማ መንገድ ስሱ ሽፋን ተመትቶ ወደ ውስጥ ሊጎደጉድና ኮሮናውን ሊነካ ይችላል። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚነዳ ሰው ወፍራም የብረት ሽፋን ቢገዛ አልነቅፈውም፤ ውስጡ ጎባጣ የሆነ ይፈልግ እላለሁ እንጂ።

እግረ መንገዴን ላንሣው፦ በአገራችን የምናዘወትራቸው የቶዮታ ላንድክሩዘርና ሃይሉክስ የኋላ አክስሎች ጀርባቸው በብየዳ የተዘጋ ነው፤ ዲፈረንሻሉ የሚወጣው በፊት በኩል ነው። ስለሆነም ጥያቄው የሚመለከተው እንደ ዳና 44 ያለ፣ ሽፋኑ የሚፈታ አክስል ያላቸውን ነው።

ምርጫው ከተደረገ በኋላ የሚቀረው የዘይት መሙያው ቀዳዳ ነው። በአዲሱ ሽፋን ላይ ቀዳዳው ከቀድሞው ከፍ ብሎ ከተበሳ፣ «እስኪፈስ ሙላ» የሚለው የጋራዥ ልማድ ዘይቱን ከልክ በላይ ያደርገዋል። ኮሮናው በጥልቅ ዘይት ውስጥ ሲናጥ ደግሞ ጉልበት ይባክናል፣ ሙቀት ይጨምራል። የዘይቱ ከፍታ መለካት ያለበት በአክስሉ አምራች መመሪያ መሠረት ነው።

ሁለት ናሙናዎች፣ አንዱ ጎባጣ አንዱ ጠፍጣፋ፣ ጠረጴዛው ላይ አሉ፤ ቀርባችሁ ውስጣቸውን ተመልከቱ። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ ልለፍ።