የማይጥለው ሽቦ
(ስለ ኔትወርክ መሐንዲሶች ሥልጠና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ስዊች ማዋቀርን ለማስተማር የትእዛዝ ዝርዝር ማስጠናት ይበቃል የሚሉ አሉ። እኔ የቆምሁት ይህን አሳብ ለመቃወም ነው። የምናገረውም የተራውን ኔትወርክና የዲስክ ማከማቻውን ጭነት ባንድ ሽቦ አጣምሮ ስለሚያሳልፈው የዳታ ሴንተር ስዊች ነው።

ኤተርኔት ሲጨናነቅ የያዘውን ይጥላል። ጥሎም አያፍርም፤ የጠፋውን ቲ ሲ ፒ መልሶ ይልከዋልና። የፋይበር ቻናል ጠባይ ግን ሌላ ነው፤ ተቀባዩ ባዶ ስፍራ እንዳለው አስቀድሞ ካላስታወቀ ላኪው አንዲት ፍሬም እንኳ አይሰድም። እ.ኤ.አ. በ2009 ደንቡ የተጠናቀቀው ኤፍ ሲ ኦ ኢ እንግዲህ የማይጥለውን በሚጥለው ጀርባ ላይ ማሳፈር ነው። ይህ እንዲሆን ኤተርኔትን ጠባይ ማስለወጥ ግድ ሆነ። ትራፊኩ በ8 ማዕርግ ይከፈላል፤ የአንዱ ማዕርግ ማቆያ ሊሞላ ሲል ስዊቹ ጎረቤቱን «ይህን ብቻ አቁም» ይለዋል፤ ሌሎቹ መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ይህ ፒ ኤፍ ሲ ይባላል። ኢ ቲ ኤስ ደግሞ የሽቦውን አቅም ያካፍላል። በ10 ጊጋቢት ሽቦ ላይ ለዲስክ 50 በመቶ ቢመደብ፣ ድርሻው በመጨናነቅ ጊዜ የተጠበቀ ነው እንጂ አጥር አይደለም፤ ዲስኩ ሥራ ሲፈታ ሌላው ሁሉንም ሊጠቀምበት ይችላል። ብዙ ሠልጣኝ እዚህ ላይ ይሳሳታል። የፋይበር ቻናል ፍሬም እስከ 2112 ባይት ስለሚሸከም፣ 1500 የለመደው ኤተርኔት መስፋት እንዳለበትም መዘንጋት የለበትም።

አሁን ወደ አደጋው ልምጣ። በሲስኮ ስዊች ላይ በትራንክ የሚያልፉትን ቪላኖች ለመጨመር «አድ» የምትባል ቃል አለች። ሠልጣኙ እርስዋን ረስቶ አዲሱን ቍጥር ብቻ ቢጽፍ፣ የቀድሞው ዝርዝር በሙሉ ተሽሮ አዲሱ ብቻ ይቀራል። በተራ ኔትወርክ ይህ የስልክ ጩኸት ያመጣል። እዚህ ግን የተሻረው የኤፍ ሲ ኦ ኢ ቪላን ከሆነ ሰርቨሩ በዚያ መንገድ ዲስኩን ያጣል፤ ሁለተኛው መንገድ ካልተዘጋጀ የባንክ ሒሳብም ይሁን የሆስፒታል መዝገብ ባለበት ቀጥ ይላል። ትእዛዙን የሸመደደ ሰው ምን እንደ ቈረጠ እንኳ አያውቅም።

ሌላም አለ። ኔትወርክ ያደገበት ሰው ዞኒንግን አያውቅም፤ የማከማቻው ባለሙያ ደግሞ ቪላንን ይንቃል። ሁለቱ አንድ ስዊች ላይ ተገናኝተው ማን ምን እንደሚነካ ሳይስማሙ ይሠራሉ። እኔ ባንድ ክፍል ባንድ ወንበር ይማሩ ባይ ነኝ።

ኤፍ ሲ ኦ ኢ እንደ ታሰበለት አልተስፋፋም፤ ታዲያ ለምን እንደክማለን ትሉኝ ይሆናል። ዛሬ የሰው ሠራሽ አእምሮ ማሽኖችን የሚያያይዘው ሮኪ በብዙ ስፍራ የሚሠራው በዚያው በፒ ኤፍ ሲ ነው። አንድ ዘገምተኛ ተቀባይ «አቁም» ሲል ትእዛዙ ከስዊች ወደ ስዊች ወደ ኋላ እየተሸጋገረ ጥፋት የሌለባቸውንም ያስቆማል፤ ይህን በዓይኑ ያላየ መሐንዲስ በሥራ ላይ ሲደርስበት የሚይዘውን ያጣል።

ስለዚህ መምህራኖቻችንን የምንለምነው ይህን ነው፦ ፈተናው በወረቀት አይሁን። የተበላሸ ስዊች ይሰጠንና የቆመውን ቈጣሪ አንብበን፣ ሽቦውን ሆን ብለን አጨናንቀን፣ ምክንያቱን በቃላችን አስረድተን እንጠግነው።