በደረቅ ግራር ውስጥ የተሠራ ቤት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



በዚህ ጠረጴዛ ላይ የምታዩት ቁራጭ ግንድ ማገዶ አይደለም። ዛሬ ጧት ተሸክመነው ስንገባ ዘበኛው «ወጥ ቤቱ በዚያ በኩል ነው» ብለው መልሰውን ስለ ነበር ይህን አስቀድመን መናገር አስፈለገን። እስኪ በጐኑ ያለውን ቀዳዳ ተመልከቱ። ክብነቱ በመሰርሰሪያ የተበሳ ያስመስለዋል፤ ነገር ግን የሰው እጅ አልነካውም። የበሱት ሁለት ወፎች ናቸው፤ መሣሪያቸውም ምንቃራቸው ብቻ ነበር። እነዚህ ወፎች ግንደ ቆርቁር ይባላሉ።

ሶደሬን የማያውቅ በመካከላችን ያለ አይመስለንም። ከከተማችን ከአዳማ፣ አያቶቻችን እስከ ዛሬ ናዝሬት ከሚሏት፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ግን ፍል ውሃውንና መዋኛውን ነው። ከግቢው ውጭ አዋሽን ተከትሎ የሚወርድ የእግር መንገድ አለ፤ እረኞች ከብት ወደ ውሃ ይነዱበታል፤ በግራና በቀኙ ሾላና ግራር ቆሞበታል። እኛ ስድስት ተማሪዎች ባለፈው ጥር ቅዳሜ ቅዳሜ በዚህ መንገድ መመላለስ ጀመርን። ከጧቱ 12 ሰዓት ሚኒባስ እንሳፈራለን፤ ከ1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ቁጭ ብለን እንጽፋለን። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ለስድስታችን አንድ ብቻ ነበረን። ስንቃችንን ደግሞ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጦጣዎች ወሰዱት፤ ከዚያ በኋላ ዳቦ በኪስ መያዝ ተማርን።

ከሥራችን ሁሉ አስቀድመን መናገር የሚገባን ጥፋታችንን ነው። መጀመሪያ ያገኘነው ጎጆ ካርዲናል የሚባለው ትንሹ ግንደ ቆርቁር የሠራው ነበር። ይህ ወፍ ከድንቢጥ እጅግም አይበልጥም፤ ጎጆውም ዝቅ ባለ ደረቅ ቅርንጫፍ ላይ ስለ ነበር በቀላሉ ይደረስበታል። ከእኛ አንዱ መስተዋት በእንጨት ጫፍ አሥሮ፣ በስልክ መብራት እያበራ ወደ ውስጥ አየ። ስሙን አንጠራም፤ አሁን በፊታችሁ ቆሞ የሚናገረው እርሱ ነው፤ የቀረነውም አልከለከልነውም፤ ይልቁንም «ለእኔም፣ ለእኔም» እያልን ተሻማን። ሦስት ነጫጭ እንቁላሎች አየን። ወፏ በሩቅ ስትጮኽ ሰማናት፤ እኛ እስክንሄድ ድረስ ግን አልተመለሰችም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጎጆው ባዶ ነበር። እንቁላሉን እባብ ይብላው ጦጣ አናውቅም፤ መንገዱን ያሳየነው ግን እኛ ሳንሆን አልቀረንም።

ከዚያ በኋላ በመካከላችን ደንብ አወጣን፤ ይኸውም ከዛፉ 30 እርምጃ ርቆ መቀመጥ፣ ግንድ አለመንካት፣ በዝግታ መናገር ነው። ሁለተኛውንም ጎጆ ያገኘነው በዚሁ ደንብ ነበር። በየካቲት የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ግማሽ ጐኑ በደረቀ ትልቅ ግራር ሥር፣ አናጢ የሠራበት ያህል ትኩስ የእንጨት ፍቅፋቂ ተበትኖ አየን። ቀና ስንል አራት ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የኑቢያ ግንደ ቆርቁር ተለጥፎ ይሠራል።

የኑቢያ ግንደ ቆርቁር በሱዳን፣ በሶማሊያ፣ በኬንያና በታንዛኒያም ይኖራል፤ በእኛ በስምጥ ሸለቆው የግራር ምድር ግን ዘወትር የሚሰማ ነው። ወንዱ ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ ቀይ ቆብ የደፋ ይመስላል፤ ከምንቃሩም ሥር ቀይ መስመር ይወርዳል። የሴቷ ቀይነት በማጅራቷ ላይ ብቻ ነው፤ ግንባሯ ጥቁር ሆኖ በነጭ ነጠብጣብ የተረጨ ነው። አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲጀምር ሌላው ይቀበለዋል፤ ብዙ ጊዜ ከማየታችን በፊት በዚህ ቅብብሎሽ እናውቃቸው ነበር። ሀገራችን ከ850 የሚበልጡ የወፍ ዓይነቶች አሏት፤ ከግንደ ቆርቁር ወገን እንኳ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በስተቀር በሌላ ሀገር የማይገኝ አለ። ያን ግን ለማየት ወደ ደጋው መውጣት ይገባል።

ወፉ እንዴት ሳይወድቅ በግንድ ላይ እንደሚቆም ብዙዎች ጠይቀውናል። ከእግሩ ጣቶች ሁለቱ ወደ ፊት፣ ሁለቱ ወደ ኋላ ናቸው፤ ጅራቱም ጠንካራ ስለ ሆነ እንደ ሦስተኛ እግር ይደገፍበታል። ምላሱ እጅግ ረጅም ነው፤ ይህንም የሚሸከመው አጥንት በራስ ቅሉ ዙሪያ ይጠመጠማል። ይህን ያህል ሲቀጠቅጥ አንጎሉ ለምን አይናወጥም? በብዙ መጽሐፍ የራስ ቅሉ እንደ ስፖንጅ ሆኖ ምቱን ያበርዳል ተብሎ ተጽፏል፤ እኛም ለፈተና ያጠናነው እንዲሁ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት፣ በፈጣን ካሜራ የተነሡ ሦስት ዓይነት ግንደ ቆርቁሮችን መርምሮ፣ ጭንቅላቱ እንደ ደረቅ መዶሻ እንጂ እንደ ስፖንጅ እንደማይሠራ አሳየ። ምቱ ቢበርድ ኖሮ እንጨቱ አይበሳም ነበር፤ አንጎሉም የሚድነው ትንሽ በመሆኑ ነው።

ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ወንዱና ሴቷ እየተፈራረቁ ቆፈሩ። በሦስተኛውና በአራተኛው ቅዳሜ ሁሉ ነገር ጸጥ አለ፤ አንዱ ሲመጣ ሌላው ይወጣል፤ ከዚህ በቀር የሚታይ ነገር የለም። እንቁላል ታቅፈዋል ማለት ነው። በአብዛኛው የግንደ ቆርቁር ወገን ሌሊቱን የሚታቀፈው አባትየው መሆኑን ስናነብ ሴቶቹ ተማሪዎች እጅግ ደስ አላቸው። በአምስተኛው ቅዳሜ መመገብ ተጀመረ፤ በሦስት ሰዓት ውስጥ 7 ጊዜ ተመላለሱ። በሰባተኛው 16 ጊዜ ሆነ። የስድስተኛው ቅዳሜ መዝገብ 40 ደቂቃ ይጐድለዋል፤ ተረኛው ጸሐፊ እንቅልፍ ወስዶት ነበር፤ ቁጥሩን ለማሳመር ብለን ግን አልሞላነውም። የሚያመጡት በአብዛኛው ጉንዳንና ምስጥ ስለ ሆነ በምንቃራቸው ምንም አይታይም፤ ከውስጣቸው አውጥተው ያጐርሳሉ።

በአምስተኛው ቅዳሜ አንድ ሽማግሌ መጥረቢያ በትከሻቸው ይዘው ወደ ግራሩ መጡ። ተነሥተን «አካም ቡልተን፣ አባባ» አልናቸው። ዛፉ በእርሻቸው ዳር የቆመ የእርሳቸው ዛፍ ነበር። የምንጠብቀውን ስንነግራቸው ሳቁ፤ «ኢጆሌ፣ ደረቅ እንጨት ምን ይጠበቃል? በሚያዝያ ሴት ልጄን እድራለሁ፤ ለሠርጉ ማገዶ ይህ ነው» አሉን። ከእኛ ሁለቱ በኦሮምኛ ነገሩን አስረዱ፤ በውስጡ ጫጩቶች እንዳሉ፣ ሲፈለፈሉ ላባ የሌላቸውና ዕውር እንደ ሆኑ፣ እስኪበሩም አራት ሳምንት ያህል እንደሚፈጅ ነገሯቸው። መነጽሩንም ሰጠናቸው። ረጅም ጊዜ አዩ። በመጨረሻም «እሺ፣ ሲበሩ ንገሩኝ» ብለው መጥረቢያቸውን ይዘው ተመለሱ።

እንግዲህ እኚህን ሽማግሌ ለመውቀስ የሚነሣ ቢኖር፣ ከመቂ እስከ ቡልቡላ በመንገድ ዳር የተደረደረውን የከሰል ማዳበሪያ ማን እንደሚገዛው ይጠይቅ። በየቤታችን ቡና የሚፈላው በዚሁ በግራር ከሰል ነው። ደረቅ ዛፍ ሲቆረጥ ደግሞ ማንም አይቆጨውም፤ እኛም ከየካቲት በፊት አይቆጨንም ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ እንጨት መብሳት የሚችሉ ወፎች ጥቂቶች ናቸው፤ በተበሳው የሚኖሩ ብዙዎች ናቸው። ግንደ ቆርቁር ብዙ ጊዜ በየዓመቱ አዲስ ጎጆ ስለሚቆፍር አሮጌው ለሌላ ይተርፋል። ባለ ጥቁር ክንፉ ትንሽ በቀቀን ሌሊቱን በእንዲህ ያለ ቀዳዳ ያድራል። ሰውን ወደ ንብ ቀፎ የሚመራው ማር መሪ ደግሞ ጎጆ ሳይሠራ፣ እንቁላሉን እንደ ግንደ ቆርቁር ባሉ ወፎች ጎጆ ይጥላል፤ ጫጩቱም ገና ሳያይ በምንቃሩ ጫፍ ባለ መንጠቆ የባለቤቱን ልጆች ይገድላል። ይህ በእኛ ጎጆ እንዳይደርስ ስንፈራ ነበር፤ አልደረሰም።

በስምንተኛው ቅዳሜ ሁለት ጫጩቶች ራሳቸውን ከበሩ አውጥተው እየተጋፉ ሲጮኹ አየናቸው። ሽማግሌው ቤት ሄደን «በሚቀጥለው ቅዳሜ በርረው ይሆናል፤ መጥተን እንነግርዎታለን» አልናቸው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልሄድንም። የሙከራ ፈተና ደርሶብን ነበር። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም አልሄድንም። ስልካቸውን እንኳ አልጠየቅናቸውም ነበር።

በአራተኛው ቅዳሜ ስንደርስ ግራሩ ተቆርጧል። ሽማግሌው ግንዱ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። አልተቆጡንም፤ «ለምን ቀራችሁ?» ብቻ አሉን። ሠርጉ አልፏል። ማገዶውን ከጎረቤት በዱቤ ወስደው ደገሱ፤ ዛፉን የቆረጡት ባለ ዕዳው ገንዘቡን በጠየቃቸው ጊዜ፣ እኛ ከመድረሳችን ሁለት ቀን በፊት ነበር። «ዐይኔ ደክሟል፤ ማታ ማታ ከእርሻ ስመለስ ወፍ ሲገባ ሲወጣ አያለሁ። ልጆቹ ገና ያሉ መሰለኝ። እናንተም አልመጣችሁ» አሉን። ቀዳዳው ያለበትን ክፍል ግን ለይተው በመጋዝ ቆርጠው አስቀምጠውልን ነበር። ዋጋውን ልንከፍል ብንል አልተቀበሉንም።

ግንዱን እዚያው ቁጭ ብለን ለካነው። የበሩ ስፋት 5 ሳንቲ ሜትር፣ ወደ ታች ያለው ጥልቀት 28 ሳንቲ ሜትር ነው። ከውስጡ ደረቅ ሣር፣ የዶሮ ላባና አንድ ቁራጭ ክር ወጣ። ግንደ ቆርቁር ሣር አያነጥፍም፤ እንቁላሉን የሚያስቀምጠው በእንጨቱ ፍቅፋቂ ላይ ነው። ስለዚህ የእኛ ጫጩቶች አስቀድመው በርረው ነበር፤ ሽማግሌው ማታ ማታ ያዩትም ሌላ ወፍ ነበር፤ ከሣሩና ከላባው እንደምንገምተው ድንቢጥ ሳይሆን አይቀርም፤ ይኸው በትምህርት ቤታችን ጣራ ሥር የሚንጫጫው። እንቁላል ነበረበት ወይ ብለን ጠየቅናቸው። «የለም፤ ሣር ብቻ ነበር» አሉን።

ግንዱ ከዛሬ ጀምሮ በሳይንስ ክፍል መስኮት ሥር ይቀመጣል። ሣሩን እንዳለ መልሰን አስገብተነዋል። ማየት የሚፈልግ እጁን ማስገባት ይችላል።