በስልክና በክራር የራሳችንን ዜማ መሥራት

(በእሁዱ ስብሰባችን ላይ ያደረግሁት ንግግር)

እህቶቼ፣ ዛሬ እረፍት ያላችሁም፣ ዕቃ ልገዛ ነው ብላችሁ ለአንድ ሰዓት ብቅ ያላችሁም፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። «ያንን በስልክሽ የምትሠሪውን ሙዚቃ አስረጂን» ብላችሁኝ ነው የቆምኩት። እኔ ዘፋኝ አይደለሁም። ከአሥረኛ ክፍል በኋላ አልተማርኩም፣ ኖታም አላነብም። የማውቀውን ያህል ግን እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ስለ አንድ ሰው ላውራ። ኃይሉ መርጊያን ስንቶቻችሁ ታውቁታላችሁ? ወላጆቻችን በደንብ ያውቁታል። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር፣ አዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ይጫወቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ ለሥራ አሜሪካ ሄደ። ከፊሎቹ ሲመለሱ እሱ እዚያው ዋሽንግተን ቀረ። በ1985 ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ አንድ ካሴት ቀረጸ። የልጅነት መሣሪያውን አኮርዲዮንን ያዘና በኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ በሲንተሳይዘርና በድራም ማሽን አጀበው። ሲንተሳይዘር ማለት ድምፁን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር ኪቦርድ ነው። ድራም ማሽን ደግሞ ከበሮ መቺ ሳይኖር ምቱን ይመታልሃል። ባንድ ስላልነበረው ራሱ አንዱን ድምፅ በአንዱ ላይ እየደረበ ጨረሰው። ዜማው የአገራችን የድሮ ዜማ ነው፣ ድምፁ ግን ሌላ ነው።

ከዚያስ? ከዚያማ ኑሮ ነዋ! ለብዙ ዓመታት እዚያው ዋሽንግተን አየር ማረፊያ ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን ግን ከታክሲው ኋላ አልለየውም። ተሳፋሪ ሲጠብቅ እያወጣ ይለማመድ ነበር። አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ ያንን ካሴት ባሕር ዳር አገኘውና በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉም መድረክ ላይ ተመለሰ፣ በ2018 ደግሞ አዲስ አልበም አወጣ።

ይህን የነገርኳችሁ «እኛም አንድ ቀን እንታወቃለን» ለማለት አይደለም። ካሴቱ ሳይገኝ ቢቀርስ ኖሮ? እኔን የያዘኝ ያ መሀል ላይ ያለው ጊዜ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ለተሳፋሪው ሹፌር ነው፣ ለራሱ ግን ሙዚቀኛ ነው። ማንም አልሰማውም ብሎ አልተወውም።

እኛስ? ቀኑን ሙሉ እጃችን የሰው ነው። እኔን የምሠራበት ቤት በራሴ ስም እንኳ አይጠሩኝም፣ ቀለል ያለ ስም አውጥተውልኛል። ማታ አምስት ሰዓት ላይ ሳህኑ ታጥቦ ሲያልቅ የኔ የሆነ ሃያ ደቂቃ አለኝ። በሃያ ደቂቃዋ አንድ የራሴ ነገር ሠርቼ ስተኛ፣ ጠዋት ስነሳ ስሜ ከኔ ጋር ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ። ስልካችሁ ላይ በነጻ የሚጫን ባንድላብ የሚባል አፕ አለ። ፒያኖም፣ ሲንተሳይዘርም፣ ከበሮም አለው፣ ድምፅ እየደረበም ይቀዳል። ፒያኖውን ክፈቱና ነጮቹን ተዉአቸው፣ ጥቁሮቹን ብቻ ንኩ። ጥቁሮቹ ሦስትና ሁለት ሁለት እየሆኑ ተደርድረዋል። ከሦስቱ የመጀመሪያውን መነሻ አድርጋችሁ ወደ ቀኝ አምስቱን በተራ ምቱ። ሰማችሁት? ትዝታ ነው! ሜጀር የሚሉት ትዝታ። አምባሰልና አንቺሆዬ ነጮቹንም ስለሚፈልጉ ሌላ ጊዜ እንማራለን።

ክራር ላላችሁ፣ ወይም በማኅበራችን ክራር ለምትለማመዱ፣ ክሮቹን በእነዚያ አምስት ድምፆች ቃኟቸው። ስድስተኛው ክር ከአምስቱ አንዱን በቀጭኑ ወይም በወፍራሙ የሚደግም ነው። ክራሩን ወደ ስልኩ አምጡት፣ ስልኩ ወደ ክራሩ አይመጣም። የማሲንቆና የሰው ድምፅ በቁልፎቹ መሀል ይንሸራተታል፣ ስልክ ግን ግትር ነው።

ለምን ሁለቱን ትቀላቅያለሽ የምትሉኝ አላችሁ። ክራር ሲመታ ድምፁ ቶሎ ይጠፋል። ሲንተሳይዘር ደግሞ ጣታችሁን እስካላነሳችሁ ድረስ ድምፁን ይይዛል። ስለዚህ አንድ ድምፅ ከሥር ዘርጉለት፣ ክራሩ ከላይ ይራመድበታል። ለምት ያገኛችሁትን ቅዱ። እኔ የማጠቢያ ማሽኑ ሲጨምቅ የሚያሰማውን ቀድቼ ከበሮ አድርጌዋለሁ። ያደከመኝ ማሽን አሁን ለኔ ይመታል። እናቴ ደግሞ ቡና ስትወቅጥ በኢሞ ቮይስ ላከችልኝ። የዘነዘናውን ድምፅ ከክራሩ ሥር አስገባሁት። አራት ዓመት ከአምስት ወር ያላየሁት ቤት በሁለት ደቂቃ ዜማ ውስጥ አለ።

ባለፈው አንድ እህታችን «ይሄ ባህላችንን ማበላሸት ነው» ብላ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አልቆጣም። ክራሩን በደንብ ሳንማር ማሽን ብንደርብበት እውነትም ማበላሸት ይሆናል። ስለዚህ ቅኝቱን መጀመሪያ እንማር። ግን አኮርዲዮንም የመጣው ከውጭ ነው፣ ዛሬ ያለ እሱ የድሮ ዘፈናችንን ማሰብ ይከብዳል። አዲስ አበባ ውስጥም እንደ ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ ያሉ ሙዚቀኞች የአገር መሣሪያን ከኮምፒውተር ጋር አዋህደዋል፣ «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብለውታል። ባህል የሚሞተው ሰው ሳይነካው ሲቀር ነው።

ሦስት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንደኛ፣ የቤቱን ሰዎች ወይም የልጆቹን ድምፅ በፍጹም አትቅዱ፣ ጣጣው ለእኛ ነው የሚተርፈው። ሁለተኛ፣ በጆሮ ማዳመጫ ሥሩ፣ እንቅልፋችሁንም አትጨርሱ፣ ነገ ሥራ አለ። ሦስተኛ፣ የሠራችሁትን ስልካችሁ ላይ ብቻ አታስቀምጡ። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ የሚቀማበትም ቤት አለ። ለአንድ ለምታምኗት እህት ላኩላት፣ እሷም ለእናንተ ትላክ።

ለሚቀጥለው እሁድ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። እያንዳንዳችሁ ግማሽ ደቂቃ ድምፅ ይዛችሁ ኑ። መጥረጊያ ይሁን፣ የውሃ ጠብታ ይሁን፣ ከአገር ቤት የተላከ እልልታ ይሁን፣ የፈለጋችሁትን። መምጣት የማትችሉ በዋትስአፕ ላኩ፣ በር ተቆልፎባችሁም ቢሆን ድምፃችሁ ይመጣል። እኔ ክራሩን ቃኝቼ እጠብቃችኋለሁ። ሁሉንም ደርበን አንድ ዜማ እናደርገዋለን፣ ርዕሱን እናንተ ታወጣላችሁ።