ስለ ወፍጮ ቤታችን ወረፋና ያለ ሽቦ ስለሚሠራው የቁጥር መጥሪያ

(በማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር)



እንደሚታወቀው በወፍጮ ቤታችን ደጃፍ ወረፋ የሚያዘው በጆንያና በስልቻ ነው። እህሉ ያልደረሰለት ደግሞ ድንጋይ ያስቀምጣል። ልማዱ ዛሬ የመጣ አይደለም። በሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቁመው የቀበሌ ሱቆች ከተከፈቱ በኋላ፣ ለስኳርና ለሳሙና ድንጋይ ደርድሮ ተራ መጠበቅ ታላላቆቻችን ሁሉ የሚያስታውሱት ነው። ድንጋይ አይርበው፣ ዝናብ አይመታው፤ በዚህ በኩል ደግ ነው። ክፋቱ አንዱ ተነሥቶ ሌላው ሲቀመጥ የሚመሰክር አለመኖሩ ነው።

የሚጎዳው ማን እንደሆነ በግልጽ እንነጋገር። ወፍጮው አጠገብ ያለነው ጠዋት ስልቻችንን ጥለን ወደ ሥራችን እንሄዳለን፤ ብንቀደምም ነገ እንመለሳለን። ከሩቅ ጎጥ በአህያ ጭና የመጣች እናት ግን ከስልቻዋ ዞር ካለች ተራዋ ሄደ ማለት ነው። ዞር ካላለች ደግሞ ያዘለችው ሕፃን ፀሐይ ላይ ይውላል፣ ገበያዋም ያመልጣታል። ሲመሽ እህሏን ሳታስፈጭ መልሳ የምትጭን አለች። ወረፋ እንዲጠብቅ ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያስቀርም አለ፤ ስሙን ሳንጠራ እናልፈዋለን።

ስለዚህ ኮሚቴው ሲመክርበት የቆየው ነገር ያለ ሽቦ የሚሠራ የቁጥር መጥሪያ ነው። በከተማ ባንክ ቤት ቁጥር ይዛችሁ ሰሌዳ እያያችሁ የጠበቃችሁ ታውቁታላችሁ። ዕቃው ሦስት ነው። አንዱ በፈጪው እጅ የምትያዝ ትንሽ ቁልፍ ናት፤ ሁለተኛው ደጅ የሚሰቀል፣ ቁጥር የሚያበራ ሰሌዳ ነው፤ ሦስተኛው ቁጥር እየጻፈ የሚቆርጥ የወረቀት ማሽን ነው። ፈጪው ቁልፏን ሲጫን መልእክቱ በሬዲዮ ሞገድ ሄዶ ሰሌዳው ላይ አንድ ቁጥር ይጨምራል። ብዙዎቹ በ433 ሜጋ ኸርዝ ይሠራሉ፤ የመኪና በር በሩቁ እንደሚከፍተው ቁልፍ ያለ ነገር ነው እንጂ ምትሃት የለበትም። ሲም ካርድ አይፈልግም፣ ኢንተርኔትም አይፈልግም። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን። በስልክ ወረፋ የሚያስይዝ መሣሪያ ቢኖረን ኖሮ ያን ጊዜ ግድግዳ ላይ ቀርቶ ነበር።

«ፈጪው ወጥቶ ስም ቢጠራ አይበቃም ወይ?» ያሉን አሉ። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ግን ወፍጮው ሲነሣ ጆሮ ስር ቢጮሁ ይሰማል እንዴ? ፈጪውም ድንጋዩ ያለ እህል እንዳይዞር ከእህል መጨመሪያው ሊርቅ አይችልም። ስለዚህ የሚጠቅመን ድምፅ ማጉያ ሳይሆን ከዛፉ ጥላ ሥር ሆኖ የሚታይ ብርሃን ነው። በእኛ አስተያየት ለባንክ ቤት ቅንጦት ሊሆን ይችላል፤ ለወፍጮ ቤት ግን ትክክለኛ ዕቃ ነው።

ሆኖም የሚያሰናክሉት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ቤታችን የቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ የሬዲዮ ሞገድን ያደክማል፤ ሻጩ የሚነግረን ርቀት ደግሞ ሜዳ ላይ የተለካ ነው። ስለዚህ ሰሌዳው በመስኮቱ አንጻር ይሰቀል፤ ቁልፏም ከመከፈሏ በፊት ወፍጮው እየሠራ ትሞከር። ዱቄት በየቀዳዳው ስለሚገባ ሰሌዳውን በየማታው በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል።

መብራት ሲጠፋ ወፍጮውም ሰሌዳውም ይቆማሉ። መብራት ሲመለስ አንዳንዱ ሰሌዳ የነበረበትን ቁጥር ረስቶ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ያኔ ሁለት ሰው «ተራው የእኔ ነው» ሊል ነው። ስንገዛ ሻጩ ፊት ቁጥሩን 27 ላይ አድርሰን ሶኬቱን ነቅለን መልሰን እንሰካለን፤ 27 ካላለ አንገዛም። ይህም ሆኖ ሚዛን ያዡ የደረሰበትን ቁጥር በደብተር ይጽፋል። ደብተር መብራት አይጠፋበትም።

የወረቀት ማሽኑን ግን ኮሚቴው አልደገፈውም። ወረቀቱ በሙቀት የሚጻፍበት ስለሆነ ቀለም አይፈልግም፤ ግን ፀሐይ ላይ ከዋለ ይበላሻል፣ ጥቅሉ ባለቀ ቁጥርም ከተማ መላክ ነው። በእሱ ፋንታ ቆርቆሮ ቆርጠን ቁጥር እንቀባበታለን፤ ለጤፍ ነጭ፣ ለበቆሎ ቢጫ። በርበሬ በራሱ ድንጋይ ስለሚፈጭ ቀይ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ሰሌዳውም የድንጋዩን ቁጥር ከተራው ጎን የሚያሳይ ዓይነት ይሁን። አስፈጪው ዱቄቱን ሲወስድ ቆርቆሮውን ይመልሳል። የሚተርፈው ገንዘብ ለመጠበቂያው ዳስና ለአግዳሚ ወንበር ይውላል።

ቁጥር ወረፋ ያሳጥራል ብሎ የሚያስብ ካለ ግን እንዳይሳሳት። አንድ ጆንያ ለመፍጨት ዐሥር ደቂቃ ቢፈጅ፣ ከፊቱ 12 ጆንያ ያለበት ሰው ሁለት ሰዓት ይጠብቃል፤ ሰሌዳ ቢኖርም ባይኖርም ያው ነው። ልዩነቱ ሰሌዳውን አይቶ «ሁለት ሰዓት አለኝ» ብሎ ገበያውን ገብይቶ መመለሱ ነው። ይህን የወረፋ ሒሳብ ኧርላንግ የሚባል የዴንማርክ ሰው እ.ኤ.አ. በ1909 በስልክ ጥሪ ላይ ጥናት ጽፎ አስጀምሮታል። ከዚሁ ሒሳብ የተገኘው ነገር ለእኛም ይሠራል፤ መሣሪያው ሥራ ሊሞላ ሲል ትንሽ ሰው ብቻ ቢጨመር ጥበቃው በትንሹ ሳይሆን በእጥፍ ይረዝማል። የፋሲካና የእንቁጣጣሽ ዋዜማ የሚያስለቅሰን ይኸው ነው። ስለዚህ ቅርብ ያለን ሰዎች ከበዓሉ ሳምንት አስቀድመን እናስፈጭ፤ የገበያውን ቀን ለሩቅ መጪ እንልቀቅ።

ደንቡን በሚመለከት፣ ቁጥር የሚሰጠው እህሉ ሚዛን ላይ ከወጣ በኋላ ብቻ ነው፤ ኪሎውና ቁጥሩ አብሮ ይጻፋል። ያለ እህል ቁጥር ከተሰጠ በማለዳ አምስት ቁጥር ሰብስቦ የሚሸጥ ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን። ድንጋይ ከእንግዲህ ወረፋ አይዝም። ቁጥሩ ሲበራ ያልተገኘ ሦስት ሰው ያሳልፋል እንጂ ወደ ኋላ መጨረሻ አይሄድም። ነፍሰ ጡር፣ አራስና አቅመ ደካማ በሚዛን ያዡ ፊት ቀድመው ይገባሉ፤ የኮሚቴ አባልና ዘመዱ ግን በተራው ነው። ድንጋይ ሲወቀር ሚዛን ያዡ ቁጥር መስጠቱን አቁሞ መቼ እንደሚጀምር በጠመኔ ይጽፋል።

ገንዘቡ ከወፍጮው ገቢ ስለሚወጣ ያለ እናንተ ድምፅ አይገዛም። የሦስት ሻጮች ዋጋ ተጠይቆ በዚህ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ቅሬታ ወይም የተሻለ ሐሳብ ያለው በሚቀጥለው ስብሰባ ይናገር፤ መጻፍ የማይችል ለጸሐፊው ነግሮ ያስጽፍ። በተለይ ከሩቅ ጎጥ የሚመጡት እናቶች ሳይጠየቁ ድምፅ እንዳይሰጥ ኮሚቴው ወስኗል።