ስለ ልጃገረዶች የወር ሕመምና ስለ ደም ማነስ



በወር በወሩ ሁለት ወይም ሦስት ቀን የምትቀር ልጃገረድ በየትምህርት ቤቱ አትታጣም። ስሟ በተጠራ ጊዜ ባልንጀሮቿ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ መምህሩም ስንፍና መስሎት ቀሪ ብሎ ይጽፋል። ነገሩ ግን ብዙ ጊዜ የወር አበባ ሕመም ነው፤ የደም ማነስም ተደርቦበት ይገኛል።

ሁለቱ ግን ሊለዩ ይገባል። ቁርጠቱ የሚመጣው ማሕፀን ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን ንጥረ ነገር ስለሚያወጣ ነው፤ ይኸውም የማሕፀኑን ሥጋ ያኮማትረዋል፤ ደምም እንደ ልብ እንዳይደርሰው ያደርጋል። ሄሞግሎቢን ግን በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ያለ፥ ብረት የሚገባበት፥ ከሳንባ ኦክሲጅን ተሸክሞ ለሰውነት ሁሉ የሚያደርስ ነው። ከ12 ዓመት በላይ የሆነች ልጃገረድ በ1 ሊትር ደሟ ውስጥ ከ120 ግራም ያነሰ ሄሞግሎቢን የተገኘ እንደ ሆነ ደም አንሷታል ይባላል፤ በደጋ አገር አየሩ ስስ ስለ ሆነ ወሰኑ ከዚህ ከፍ ይላል።

ሁለቱን የሚያገናኛቸው የደሙ ብዛት ነው። በአንድ ጊዜ የወር አበባ ከ80 ሚሊ ሊትር በላይ ደም ከፈሰሰ ብዙ ነው፤ ከዚህም ጋራ በጤነኛ ደም ሲታሰብ 40 ሚሊ ግራም ያህል ብረት ይወጣል። በቤት ይህን የሚለካ የለም፤ ነገር ግን ጨርቋን በየሰዓቱ የምትለውጥ ወይም ከ7 ቀን በላይ የሚፈሳት ልጅ ብዙ እንደሚፈሳት ይታወቃል። እንዲህ ያለችው ብዙ ጊዜ ቁርጠቱም ይጠናባታል፤ ምግቧ ብረቱን ካልተካላትም ሄሞግሎቢኗ ከወር ወር ይወርዳል። ያን ጊዜ ዳገት ስትወጣ ትንፋሿ ይቆራረጣል፤ አንዳንዲቱም አፈር መብላት ያምራታል። እናቲቱም ልጅቱን ትቈጣለች እንጂ ደሟን አታስመረምርም።

የብረት ኪኒን ደሙን ይሞላል እንጂ ቁርጠቱን በዚያው ቀን አያስታግሥም፤ አይቡፕሮፌን ወይም የሞቀ ጨርቅ ቁርጠቱን ያስታግሣል እንጂ ደም አይሞላም። ስለዚህ አንዱ ተሰጥቶ ሌላው ሊረሳ አይገባም። ምስርና ጎመን ሎሚ ተጨምቆባቸው ቢበሉ ብረቱ ለሰውነት ይቀናል፤ ቡናና ሻይ ግን ከምግብ ጋራ ሲጠጡ ይከለክሉታል። ቡናን ማስተው ከባድ ነው፤ ከምግብ ማራቅ ግን ይቻላል። በባዶ እግር ለምትሄድ ልጅ የመንጠቆ ትልም ይታሰብ፤ እርሱም ደም ይመጣልና።

ትምህርት ቤቱ ሴት መምህር ያለችው እንደ ሆነ ልጅቱን እርሷ ትጠይቃት፤ ከሌለችም ለእናቲቱ ይነገርና ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳ ደሟ ይለካ። ሕመሙ ከወር ወር እየባሰ የሚሄድ፥ ወይም የወር አበባ በሌለበት ቀንም የሚያማት ከሆነ፥ ሌላ በሽታ ሊኖር ስለሚችል ሐኪም ሳያያት አትቈይ።