ተከትላን የመጣችው ውሻ
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከደሴና ከኮምቦልቻ ተነሥተን በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ቀን በእግር ተጉዘን ሌሊቱን በድንኳን አደርን። የብርዱን ነገር ተዉት፤ ጋቢ ያልያዘ ሁሉ ተምሮ ተመልሷል። ጭላዳዎቹ ሣር ሲነጩ፤ አስታው ጉም ሲለብስ ዐይተን ተደስተናል። ልንነግራችሁ የወደድነው ግን ስለ አንዲት ውሻ ነው።

ከመንደር ተከትላን መጣች። አዘንንላትና ዳቦ እየወረወርን ወደ ላይ ወሰድናት። የፓርኩ ጠባቂ ሲያገኘን ተቈጥቶ፦ «ልጆቼ፤ ቀይ ቀበሮውን ልትፈጁት ነውን?» አለን።

እውነቱን ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የለም፤ ለዐቅመ መራባት የደረሰውም ከ500 አይበልጥም። ያልተከተበ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ያጋባበታል። በ1996 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች ብዙ ቀበሮዎች ያለቁት በዚሁ በሽታ ነው።

ውሻዋን ወደ መንደሯ ስንመልስ ግማሽ ቀናችን አለቀ። ቀይ ቀበሮውንም ሳናየው ተመለስን፤ ቅር አላለንም ብንል ውሸት ይሆናል።

ስለዚህ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ለዕረፍት ወደየአገራችሁ ስትገቡ በቅድሚያ የቤታችሁን ውሻ አስከትቡ፤ ጎረቤታችሁንም ምከሩ። ወደ ፓርኩ የምትሄዱም ውሻ አታስከትሉ።